ነጭ ጨርቅ የታሰረባቸው ሞተሮች

ጣቢታ በአሥራ አራት ዓመቷ ሞታ ነበር ማለት ይቻላል። ጊዜው የደርግ ማብቂያ ነው። ከፎንቆ ገበያ ወደ ቤት ስትመለስ ሳይሸጥ የተረፈ ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ጀርባዋ ላይ ነበር። ገመዱ ደረቷን ይዞ ወደ ፊት ያጎብጣታል። እንዲህ ያለ ሸክም ያለባት ሴት የምታየው የእግሯን ጣትና ከፊቷ ያለችውን አንድ ክንድ መሬት ብቻ ነው። ከኋላ የሚመጣባትን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። የዚያን ዕለት ግን ጆሮዋ ምንም አልነገራትም። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሲያገኝ ነዳጅ ለመቆጠብ የኤንትሬ ጭነት መኪናውን ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሹን ከጥርስ አውጥቶ ፎሌ አድርጎ፣ መኪናውን ዝም ብሎ እያንከባለለ ይወርድ ነበር።

ፊት ፊት የሚሄዱት ሴቶች ሲጮኹ ሰማች። ልትዞር ስትል ሸክሙ አልዞር አላት። የመኪናው መከላከያ ዳሌዋን መታት፤ ቦይ ውስጥ ወደቀች፤ ቆጮው ከላይዋ ሆነ። ሾፌሩ አልቆመም። ከመኪናው የሰማችው የመጀመሪያ ድምፅ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሞተሩን ሲያስነሳ ነው።

በቃሬዛ ወደ ቤት ወሰዷት። ወጌሻው እግሯን በቀርከሃ ስንጥር አስሮ መደብ ላይ አስተኛት። ስምንት ወር ተኛች። እናቷ እንደ ሕፃን እያገላበጡ አጠቧት። በመካከሉ ሁለት ጊዜ “አለቀላት” ተብሎ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎረቤቱ ጠብቆ ጠብቆ ወደየቤቱ ተመለሰ። ለመስቀል በምርኩዝ ቆመች። አንደኛው እግሯ ግን ከሌላው አጥሮ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ የብዙ ሴቶች ሕይወት ነው። ከእናቷ ጋር ሆሳዕና ገባች። እናቷ ቅቤና ቡላ ነገዱ፤ እሷ የሰው ቤት ልብስ አጠበች፤ ማታ ማታ ተማረች። ባል አግብታ ነበር፤ ልጅ አልተገኘም ብሎ ሄደ። አሥረኛ ክፍልን በሠላሳ ዓመቷ ጨረሰች። ደንብ አስከባሪ ሆና ስትቀጠር ሰፈሩ ሳቀ፤ “የሚሮጠውን ነጋዴ በምን እግሯ ልትይዘው ነው?” አሉ። እሷ ግን አትሮጥም ነበር። ሰዎቹ የሚመለሱበትን ቦታ ታውቃለችና እዚያ ሄዳ ትቆማለች።

በባትሪ የሚሄዱት ሞተሮችና ስኩተሮች ከተማውን የሞሉት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ቤንዚን አይፈልጉም፤ ሌሊት ቻርጅ ተደርገው ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ሰው ሁሉ ወደዳቸው። ድምፅ የላቸውም፤ ጭስ የላቸውም። ጣቢታ አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ዕለት፣ ከኋላዋ መጥቶ ክንዷን ታክኮ ካለፈ በኋላ ነው ያየችው። ቆማ ላቧን ጠረገች።

አደጋው ሲበዛ የከተማው አስተዳደር ደንብ ሊያወጣ ሕዝቡን አዳራሽ ጠራ። ሄልሜት ይደረግ፣ አንድ ሰው ብቻ ይጫን፣ ታርጋና መንጃ ፈቃድ ይኑር፣ ሲመሽ መብራት ይብራ፤ እነዚህን ማንም አልተቃወመም። ጣቢታ ተነሥታ ሁለት ነገር ጨመረች።

“ሸክም የያዘ ሰው ላይ ከኋላ የሚደርስ ከአሥር ርምጃ በፊት ክላክስ ያሰማ። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ደግሞ ማንም አይንዳ፤ ወርዶ ይግፋ።”

የሞተረኞቹ ሊቀ መንበር ሚክያስ ነበር። መነሃሪያው በር ላይ አሥራ ሁለት ሞተር አሰልፎ የሚያሠራ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው።

“ማዘር፣ ሞተር የገዛነው ልንገፋው ነው? እንዲህ ከሆነማ አህያ እንገዛ ነበር!”

አዳራሹ ሳቀ።

“አህያም ቢሆን ኮቴው ይሰማል” አለችው።

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ሚክያስ ግን አልሳቀም። ጠባቸው የተጀመረው ያኔ ነው።

ሁለቱም ሐሳቦች አለፉ። ሊበተኑ ሲሉ መምህር ተክለጊዮርጊስ እጃቸውን አነሡ። እኚህ ሰው ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የወለዷቸው፣ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው። ጣቢታና እናቷም የዚያው እድር አባል ናቸው።

“መርዶ የያዘ ሰው መንገድ ላይ አይቆምም” አሉ። “በፈረስ ጊዜም አልቆመም። የእድራችን መልእክተኛ በሞተር ሲሄድ ሊያዝ አይገባም።”

አንድ የአስተዳደሩ ወጣት ሠራተኛ “መምህር፣ ስልክ እያለ?” ብሎ ጠየቀ።

“ልጄ፣ የአባትህን ሞት በስልክ መስማት ትፈልጋለህ?”

ልጁ ተቀመጠ። በዚህ አገር ለቅርብ ዘመድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ነጭ ጨርቅ መሪው ላይ ያሰረ ሞተር የመርዶ ነውና አይያዝም ተብሎ ደንቡ ላይ ገባ። ጨርቁን ማን ይሰጣል፣ ማን ይመልሳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጣቢታም አልጠየቀችም።

በአንድ ወር ውስጥ ሆሳዕና ሬሳ የበዛባት ከተማ መሰለች። መነሃሪያው ዘንድ ነጭ ጨርቅ፣ ባንክ ቤቱ በር ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ጠጅ ቤቱ ደጃፍ ነጭ ጨርቅ። አንዱ ከአንሶላ የቀደደ ነው፤ አንዱ የቁስል ፋሻ ነው፤ አንዱ ያለምንም ጥርጥር የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነው። አብራት የምትሠራው ሶስና ቆማ ታያቸውና “ጣቢታ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲያልቅ እኛ ብቻ ቀረን እንዴ?” ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ሚክያስ ራሱ ነጭ ጨርቁን አስሮ፣ ከኋላው አንዲት ሴት፣ ከፊቱ አንድ ማዳበሪያ ድንች ጭኖ በገበያው መሐል ሲመጣ ጣቢታ ፊቱ ቆመች።

“ማን ሞተ?”

“ዘመድ።”

“የማን ዘመድ?”

“የሷ” አለ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ እያመለከተ።

ሴትዮዋ ከሞተሩ ዘላ ወረደች። “ኧረ አታሟርትብኝ! እኔ የሞተብኝ የለም! ድንቼን ስጠኝ!”

የገበያው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጣቢታ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች። ሚክያስ ጆሮው ቀልቶ ቀረብ አላት።

“ማዘር፣ አንድ ቀን እውነተኛውን ታስቆሚና ጉድሽ ይፈላል።”

በሳምንቱ ሃቢባ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ ከኋላ ተገጭታ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። የገጫት ሞተር ነጭ ጨርቅ ነበረበት፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ጣቢታ መምህር ተክለጊዮርጊስ ቤት ሄደች። ጨርቁ እድሩ ዘንድ ይቀመጥ፣ ማኅተም ይደረግበት፣ ሰው ሲሞት ብቻ ይውጣ ብላ ለመነች። ሰውየው ከወንበራቸው አልተነሡም።

“ለሞት ማኅተም አልመታም። እድር እንጂ ቀበሌ አይደለንም።”

“መምህር፣ ሰው እየተጎዳ ነው።”

“የአንቺ ሥራ መንገድ መጠበቅ ነው። ጠብቂያ!”

ሁለተኛም ሄደች፤ ያኔ በሩንም አልከፈቱላትም። ስለዚህ መንገዱን ጠበቀች። ነጭ ጨርቅ ያሰረውን ሁሉ እያስቆመች ማን እንደ ሞተ፣ ድንኳኑ የት እንደ ተተከለ ትጠይቅ ጀመር። ውሸታሙ ይንተባተባል፤ ቁልፉን ትወስዳለች። ሞተረኛው ሁሉ ጥርሱን ነከሰባት።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ገና ረፋዱ ላይ አራት ውሸታም ይዛለች። አንዱ በእናቱ ምሎ ነበር፤ እናቱ እዚያው ጎመን ስትሸጥ ተገኘች። አምስተኛው ምስክር የሚባል፣ ጭምትነቱ የታወቀ ሞተረኛ ነበር። ሄልሜት የለውም። ቆጮ ባዘሉ ሴቶች መካከል እየተጥመለመለ ያለ ድምፅ መጣ። አንዷን ታክኳት አለፈ፤ ሴትዮዋ ከነሸክሟ ተንገዳገደች። ጣቢታ መሐል መንገድ ገባች።

“ማን ሞተ?”

“ጋሽ ወልደ ማርያም። እትዬ ጣቢታ፣ አታስቁሚኝ፤ ዶዮገና ድረስ ሄጄ ለልጃቸው ለሂሩት ልነግር ነው።”

ጋሽ ወልደ ማርያምን ታውቃቸዋለች፤ የእድሯ ሰው ናቸው። ሐሙስ ዕለት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰላም ብለዋታል።

“ሐሙስ ደህና ነበሩ።”

“ሌሊት ነው። በእግዚአብሔር ስም እልሻለሁ!”

“ያኛውም በእናቱ ምሎ ነበር።”

ቁልፉን ነቀለችና ለመምህር ተክለጊዮርጊስ ደወለች። አያነሡም። ደገመች፤ ሠለሰች፤ አያነሡም። ለሶስና ደውላ “ጋሽ ወልደ ማርያም ቤት ሂጂና እዪልኝ” አለቻት። ሶስና ያለችው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ባጃጅ አጣች፤ በእግሯ ሄደች። ምስክር አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል። ሰው ከበባቸው። አንዱ “ልቀቂው!” ይላል፤ ሌላው “እንዳትለቂው!” ይላል። አርባ ደቂቃ ሞላ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

“ጣቢታ” አለች ሶስና፤ ድምፅዋ ተለውጧል። “ድንኳን እየተከሉ ነው። መምህር ሬሳውን ከሚያጥቡት ጋር ውስጥ ናቸው።”

ቁልፉን መለሰችለት።

“ምን ልበላት?” አለ ምስክር። “ደንብ አስከባሪ ይዞኝ ነው ልበላት?”

ከመንገዱ ገለል አለችለት። እሱም መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ደመና ስለ ነበረ ዝናብ ሳይመጣ ይለቅ አሉ። ሂሩት ከዶዮገና ነጠላዋን እያዘቀዘቀች የደረሰችው የመጨረሻው አካፋ አፈር ሲደፋ ነው። አፈሩ ላይ ወደቀች። ልጅቱ መንገድ ላይ ናት፣ ለምን ትንሽ አንጠብቃትም ያለ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም አልተገኘም። ጥፋተኛው አስቀድሞ ታውቋልና።

በማግስቱ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ጣቢታ ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሰዉ ገለል ገለል አለ። ሂሩት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጣቢታ የማይታጠፈውን ዳሌዋን እንደ ምንም አጥፋ ጉልበቷ ላይ ወደቀች።

“ተነሺ፤ ሰው እያየ ነው” አለች ሂሩት።

“አጥፍቻለሁ።”

“አባቴን ስሜ መሸኘት ነበረብኝ። እሱን ትመልሺልኛለሽ?”

“አልመልስልሽም።”

“ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?”

“አጥፍቻለሁ ልልሽ።”

ሂሩት ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ጣቢታ ራሷ እንደ ወደቀች ራሷ ተነሣች፤ እጁን የዘረጋላት የለም።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ለጠላትም የማይመኟቸው ነበሩ። ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጀሪካኗን ከሰልፉ አውጥተው ከሁሉ ኋላ ያኖሩታል። የምትጸልይበት አጥቢያ ውስጥ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ወንበር ቀየሩ። ሞተረኞቹ ከኋላዋ ያለ ድምፅ ይጠጉና ጆሮዋ ሥር ክላክሱን ይለቁታል፤ ስትደነግጥ “አሰማን እኮ ማዘር! ደንቡ ነው!” ይሉና ይስቃሉ። አንድ ጧት የግቢዋ ቆርቆሮ በር ላይ በከሰል “የሬሳ ትራፊክ” ተብሎ ተጽፎ አገኘችው። አጠበችው። በማግስቱ በቀለም ተጻፈ።

ከሁሉ የከፋው ግን ቤት ውስጥ ነበር። እናቷ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እድሩ ሲመሠረት ጀምሮ አሉበት። ወጥ ሠርተዋል፣ ውሃ ቀድተዋል፣ አልቅሰዋል። በሀድይኛ፣ ቀስ ብለው፣ እንዲህ አሏት፦

“ስትወድቂ አንሥቼሻለሁ። አንቺ ግን በእርጅናዬ ቀባሪ አሳጣሽኝ።”

ከዚያ በኋላ ዝም አሏት። ምግብ ስታቀርብ ይበላሉ፤ አይናገሩም። ጣቢታ ሌላውን ሁሉ ችላው ነበር። ይህን ግን ሌሊት ሌሊት ከራሷ ጋር እየተሟገተች፣ ለእናቴ ስል ሁሉንም እሺ ልበልና ይለቅ እስክትል ድረስ ደርሳለች።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ እድሩ ጠራት። እናቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። ሚክያስም ምስክርም አሉ። ሂሩት ከፊት ወንበር ተሰጥቷታል። መምህር ተክለጊዮርጊስ መዝገቡን ገልጠው ቆሙ።

“ጣቢታ፣ እድሩ ሁለት ነገር ይጠይቅሻል። አንደኛ፣ በሁላችን ፊት ለሂሩት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ነጭ ጨርቅ ያሰረ ሞተር ላይ እጅሽን ላትጭኚ ቃል ትገቢያለሽ። እምቢ ካልሽ ስምሽ ይሰረዛል።”

ጣቢታ ወደ ሂሩት ዞረች። እንደ ቀድሞው ተንበረከከች። “በእኔ ምክንያት አባትሽን ሳታዪ ቀረሽ። ይቅር በይኝ” አለች። ሂሩት በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። ጣቢታ ተነሣች።

“መልካም” አሉ መምህር። “ሁለተኛውስ?”

“ሁለተኛውን አልችልም።”

ሁካታ ሆነ። ሚክያስ “አላልኳችሁም? ይቺ ሴትዮ እኮ መልአከ ሞትንም መንጃ ፈቃድ ትጠይቀዋለች!” አለ። ጥቂቶች ሳቁ።

“አንድ እውነተኛ ያስቆምኩት” አለች፣ ሁካታው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “ከዚያ በፊት አርባ ውሸታም ስላለፈ ነው። ጨርቁን ለእያንዳንዱ ዋልጌ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። መምህር፣ ቤትዎ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ሁለተኛ ጊዜ በር አልከፈቱልኝም። ሃቢባ በተሰበረ እጇ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ እሷን ማን ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃት? አልነካም ብዬ ቃል ገብቼ ነገ አንዷ ከነሸክሟ ብትሞት፣ መርዶዋን ይዞ የሚሄደው የገደላት ሞተር ነው።”

“ትደፍሪኛለሽ?” አሉ መምህር። “ግማሹን አገር ያስተማርኩ ሰው ነኝ!”

“እኔን አላስተማሩኝም፤ ማታ ነው የተማርኩት።”

ተቀመጠች። ወደ ኋላ ማየት ፈራች። መምህር ተክለጊዮርጊስ እስክሪብቶ አወጡ፤ ከዚያም ቆም ብለው ወደ እናቷ ተመለከቱ።

“እማማ፣ እርስዎን አንነካም። የእርስዎ ስም ለብቻው ነው። ከልጅዎ ጋር ይወጣሉ ወይስ ይቀራሉ?”

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

“ወዴት እወጣለሁ?” አሉ በተሰባበረ አማርኛ። “ሠላሳ ዓመት የሰው ሬሳ ሸኘሁ፤ እኔም ተራዬን ልሸኝ እንጂ! አልወጣም። እሷ ግን እዚህ የተናገረችው እውነት ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።”

ተቀመጡ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጣቢታ እፎይ አለች፤ እናቷ የሞቱ ቀን ድንኳን ይተከልላቸዋል። መምህሩ በጣቢታ ስም ላይ መስመር አሰመሩ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲቧጭር ተሰማ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሯት። “ቀስ በይ፤ አታስሩጪኝ” ነበር ያሉት።

ክረምቱ ሳይወጣ እድሩ ሌላ ስብሰባ ተቀመጠ። ነጭ ጨርቁ ሁለት ብቻ እንዲሆን፣ የእድሩ ማኅተም እንዲደረግበት፣ በሰብሳቢው ቤት እንዲቀመጥና ሰው ሲሞት ብቻ እንዲወጣ ተወሰነ። ውሳኔው በቀበሌው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የጣቢታ ስም የትም አልተጠቀሰም። ስሟም ወደ መዝገቡ አልተመለሰም። መምህር ተክለጊዮርጊስ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኟት ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። ሚክያስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞተሩ ወርዶ፣ እሷ በቆመችበት በኩል ምራቁን እንትፍ ብሎ፣ ሞተሩን እየገፋ ያልፋል። ይገፋል ግን። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት ጣቢታን የሚጠራት የለም፤ እሷም ድንኳን ባየች ቁጥር ራቅ ብላ ቆማ ታልፋለች።

በቅርቡ ከሶስና ጋር ምሳ ሲበሉ ሶስና “እውነቱን ንገሪኝ፤ አንዲት እሺ ብትይ እኮ ዛሬ ከሰው ጋር ነበርሽ። አይቆጭሽም?” ብላ ጠየቀቻት። ጣቢታ የጎረሰችውን ውጣ መለሰችላት።

“ይቆጨኛል እንጂ። ሂሩት በእኔ ምክንያት አፈር ላይ ደረሰች። ይህን ማንም ባይነግረኝም አውቀዋለሁ። ለሱ ተንበርክኬያለሁ፤ ነገም ብትጠራኝ እንበረከካለሁ። መምህር የፈለጉት ግን ለሂሩት ስንበረከክ ሌላውንም ቃል አብሬ እንድሰጣቸው ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ሳስበው ትልቅ ነገር ሠራሁ የምለው ይህችን ብቻ ነው፤ ሁለቱን አልቀላቀልኩም። ያጠፋሁትን ለተበደለችው ሰጠሁ፤ ያላጠፋሁትን ለማንም አልሰጠሁም። የሚቀብረኝ ተገኘም አልተገኘም፣ ለሱ እኔ አልጨነቅም፤ የዚያን ቀን በሕይወት ያለው ይጨነቅበት።”